እንዶድና ላሎብ ሀፊር ውስጥ ከመጨመራችን በፊት፦ ስለ ቀንድ አውጣና ስለ ቢልሃርዝያ

ዝናቡ ከገባ ወዲህ ከየብሎኩ አንድ ዓይነት ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣልናል። «ሲስተር፣ ሀፊሩ ዳር ቀንድ አውጣ ሞልቷል። አገራችን እንዶድ ይገድለው ነበር። እዚህስ እንዶድ ብናስመጣ፣ ወይም ላሎቡን ወቅጠን ብንጨምርበት ምን አለ?» የሚል ነው። ጓሮ አትክልት የጀመሩት ደግሞ ቀንድ አውጣው ሰላጣውንና የሞሎክያውን ቅጠል እየበላ አስቸግሯቸው ያንኑ ይጠይቃሉ።

ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ባዶ ወሬም አይደለም። ቀንድ አውጣን በዕፅ መግደል እንደሚቻል ለዓለም ያሳየው ኢትዮጵያዊ ነው። የላሎብ ነገር ደግሞ መጀመሪያ የተጻፈው እዚሁ ሱዳን ነው። ሆኖም ከሚጠጣ ሀፊር ውስጥ አንድ ቆሪ የተወቀጠ ፍሬ መድፋት ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ እንየው።

ሁለቱን ቀንድ አውጣ እንለይ

በጓሮ ቅጠል የሚበላው ቀንድ አውጣ የመሬት ነው። ተለቅ ያለ ነው፤ ማታና ዝናብ ሲዘንብ ይወጣል፤ ሲሄድ የሚያብለጨልጭ ዝልግልግ ይተዋል። ይህ ቢልሃርዝያ አያስተላልፍም። ጉዳቱ በአትክልቱ ላይ ነው።

ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉት በውሃ ውስጥ የሚኖሩ ትንንሾች ናቸው። አብዛኞቹ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጡም። ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ባዮምፋላሪያ ይባላል፤ ጠፍጣፋ ሆኖ እንደ ተጠቀለለ ቀበቶ ነው። የአንጀት ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው እርሱ ነው። ሁለተኛው ቡሊነስ ነው፤ ጫፉ ሾል ያለ ሲሆን የሽንት ፊኛውን ቢልሃርዝያ ያስተላልፋል። ሁለቱም ቀስ ብሎ በሚሄድ ወይም በቆመ ውሃ ውስጥ፣ በሣርና በአልጌ ላይ ተጣብቀው ይገኛሉ። በኃይል የሚወርድ ጎርፍ አይመቻቸውም።

ከደጋ የመጣን ብዙዎቻችን የምናውቀው የአንጀቱን ነው፤ በአድዋ አካባቢና በጣና ዙሪያ የታወቀው እርሱ ነው። የሽንቱ በአገራችን ያለው በአዋሽ ሸለቆና በአንዳንድ የምዕራብ ቆላ ቦታዎች ነው። በሱዳን ግን ሁለቱም አሉ። በዚህ ምክንያት ልጁ ደም ሲሸና ያየች እናት «ሙቀት ነው»፣ «ፀሐይ መትቶት ነው» ትላለች፤ ከዚያ በፊት አይታው አታውቅማ! ክሊኒክ ውስጥ ደጋግሜ የምሰማው ነው። ወንዶች ልጆች ደግሞ እርስ በርሳቸው «ለአቅመ አዳም ደረስክ ማለት ነው» እየተባባሉ ይሥቃሉ። ደም መሽናት የጉርምስና ምልክት አይደለም።

ትሉ እንዴት ይዞራል

በሽታው ያለበት ሰው ውሃ ዳር ሲሸና ወይም ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ከሽንቱ ወይም ከሰገራው ጋር ይወጣል። እንቁላሉ ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል፤ የወጣችው ደቃቅ ነፍስ በሰዓታት ውስጥ ቀንድ አውጣ ካላገኘች ትሞታለች። ካገኘች ግን ውስጡ ገብታ ለሳምንታት ትራባለች። ከዚያ በኋላ ከአንድ ቀንድ አውጣ በየቀኑ ብዙ መቶ፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ጭራ ያላቸው ደቃቅ እጮች ወደ ውሃው ይወጣሉ። በዓይን አይታዩም። በብዛት የሚወጡት ፀሐይ ሲጠነክር፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ ነው። ልጆቻችን የሚዋኙበት፣ እኛም ልብስ የምናጥብበት ሰዓት ማለት ነው።

እጩ ቆዳን በስቶ ለመግባት ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ቁስል አያስፈልገውም፤ ውሃውን መጠጣትም አያስፈልግም። እግርን መንከር ይበቃል። ገብቶ በደም ሥር ይዞርና ጉበት ውስጥ ያድጋል፤ ከዚያ ወንድና ሴቷ ተጣምረው በአንጀት ወይም በፊኛ ዙሪያ ባሉ ደም ሥሮች ይቀመጣሉ። እዚያም ለዓመታት እንቁላል ይጥላሉ። የሚጎዳን ትሉ ራሱ ሳይሆን እንቁላሉ ነው። ከእንቁላሉ ግማሽ ያህሉ አይወጣም፤ ሥጋ ውስጥ ተቀርቅሮ ያቆስላል። የአንጀቱ ዓይነት ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ቆይቶም የጉበትና የጣፊያ ማበጥ፣ ሆድ ውኃ መቋጠር፣ ደም ማስታወክ ያመጣል። የሽንቱ ዓይነት ፊኛንና ኩላሊትን ያበላሻል፤ ለረጅም ዓመታት ሳይታከም ከቆየ የፊኛ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል።

ሴቶች ደፍረው የማይናገሩት አንድ ነገር አለ፤ እዚህ መጻፉ ግድ ነው። የሽንቱ ቢልሃርዝያ እንቁላል በማኅፀን በርና በብልት ላይም ቁስል ያወጣል። ከግንኙነት በኋላ መድማት፣ ፈሳሽ፣ ማሳከክና ሕመም ይኖራል። ይህ ብዙ ጊዜ የአባላዘር በሽታ እየተባለ በስሕተት ይታከማል፤ ትዳርም ይበጠብጣል። መካንነት ሊያመጣ፣ ኤች አይ ቪ በቀላሉ እንዲይዝም መንገድ ሊከፍት ይችላል። አንዲት እናት ይህ ምልክት ኖሯት ከወንዝ ወይም ከሀፊር ውሃ ጋር የኖረች ከሆነ ለሐኪሙ ሁለቱንም አብራ ትንገረው።

የአድዋው ነገር

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ከተማ በቢልሃርዝያ ላይ ጥናት ያደርጉ ነበር። በወንዙ ዳር ሲሄዱ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ብዙ የሞተ ቀንድ አውጣ ተንሳፎ አዩ። ከፍ ብሎ ባለው ውሃ ደግሞ ቀንድ አውጣው ደኅና ነበር። ሌላ ሰው አይቶት ያልፍ ይሆናል፤ እርሳቸው ግን ከሴቶቹ ጥቂት እንዶድ ተቀብለው ሕያው ቀንድ አውጣ ባለበት ውሃ ውስጥ ሞከሩት። ሞተ። ሴቶቹ ስለ ነጭ ልብስ እንጂ ስለ በሽታው አላሰቡም፤ ሥራው ግን ከእነርሱ ቆሪ ነው የተጀመረው።

ዶክተር አክሊሉ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ፤ ተቋሙ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ፍሬው ውስጥ ያለው የሚያረፋ ንጥረ ነገር ሳፖኒን ይባላል፤ ከእንዶድ የተገኘው ዋናው ለማቶክሲን የሚል ስም ተሰጥቶታል። ጠባዩ ደስ ይላል። የሚሠራው ፍሬው ተፈጭቶ በቀዝቃዛ ውሃ ሲዘፈዘፍ ነው፤ በዚያን ጊዜ በፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም ጉልበቱን ይቀሰቅሰዋል። ፈላ ውሃ ያንን ኢንዛይም ይገድለዋል። ደግሞም ጠንካራው ያልበሰለው አረንጓዴ ፍሬ ነው እንጂ የቀላው አይደለም። በውሃ ውስጥ ከጥቂት ቀናት በላይ አይቆይም፤ ይበሰብሳል። በ1 ሊትር ውሃ ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም ብቻ ቢገባ ቀንድ አውጣው በአንድ ቀን ውስጥ ይሞታል።

ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ በተደረገው ሙከራ በከተማው ጅረቶች ላይ እንዶድ በልክ ይረጭ ነበር። ከ5 ዓመት በኋላ በከተማው የበሽታው ስርጭት ከመቶ 63 ወደ 33 ወረደ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ደግሞ ከመቶ 50 ወደ 7 ወረደ። የሕፃናቱን ቁጥር ልብ በሉት፤ አዲስ የሚያዘው ሕፃኑ ስለሆነ መተላለፉ መቀነሱን የሚያሳየው እርሱ ነው። በኋላ ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከተለያየ ቦታ የተሰበሰቡ የእንዶድ ዝርያዎችን አወዳድረው ዓይነት 44 የተባለውን ጠንካራ ዝርያ መረጡ። ሁለቱ ሰዎች በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አብረው ተቀብለዋል። ዶክተር አክሊሉ በ1997 ዐረፉ።

ታዲያ ለምን በየወንዛችን አልተረጨም? አንዱ ምክንያት ለሰውና ለአካባቢ ያለው ደኅንነት በታወቁ የውጭ ላቦራቶሪዎች ይረጋገጥ መባሉና ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ለብዙ ዓመታት መጥፋቱ ነው። ኒክሎሳማይድ የተባለ የፋብሪካ መድኃኒት አስቀድሞ ገበያውን ይዞ ነበር። ሁለተኛው፣ እኔ ከዚህ የበለጠ ይመስለኛል፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን በመስፋፋቱ ዓለም ፊቱን ከቀንድ አውጣው ወደ ክኒኑ አዞረ። እዚያው እያለ በ1990ዎቹ በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የሐይቅ ቱቦዎችን የሚዘጋ ትንሽ ዛጎል ለበስ እንስሳ በእንዶድ ለመግደል የፈጠራ መብት ማስመዝገቡ ብዙ ኢትዮጵያውያንን አሳዝኗል።

ላሎብና ቀረጥ

ሱዳኖች ሂጅሊጅ የሚሉት እሾኻማ ዛፍ በእኛ አገር በደኖ ይባላል። ፍሬው ላሎብ ነው፤ ልጆች እንደ ከረሜላ የሚመጡት፣ በገዳሪፍ ገበያ በቆሪ የሚሸጠው። በ1933 አርቺባልድ የተባለ በሱዳን ይሠራ የነበረ ሐኪም የዚህ ዛፍ ፍሬ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ጽፏል። ከአድዋው ግኝት 31 ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። እዚህም ሥራውን የሚሠራው ሳፖኒን ነው። የሱንት ዛፍ ፍሬ፣ ቆዳ የሚያለፉበት ቀረጥ የሚሉት፣ በሱዳን ተመራማሪዎች ለዚሁ ተፈትሾ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ታይቷል።

ላሎብን ሰው ይበላዋል፤ ቀንድ አውጣው ይሞትበታል። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ገርሞኛል። ሳፖኒን በሆድ ውስጥ በቀላሉ ወደ ደም አይገባም፤ በውሃ ውስጥ ግን የቀንድ አውጣን ስስ ቆዳና የዓሣን ስንጥብ ያጠቃል። ይህ ግን ለላሎብ እንጂ ለእንዶድ አይሠራም። እንዶድ ጠጥተው ለኮሶ ትል ወይም ፅንስ ለማስወረድ የሚሞክሩ አሉ። እባካችሁ አታድርጉት። ኃይለኛ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል፤ መጠኑ ከበዛ ይገድላል። ዱቄቱ ዓይን ውስጥ ሲገባም ክፉኛ ያቃጥላል።

ሀፊሩ ውስጥ ለምን አንጨምርም

አንደኛ፣ አድዋ የተረጨው በሚፈስ ጅረት ላይ በልክ ነው። ሀፊር የቆመ ውሃ ነው፤ ስንት ሺህ ሊትር እንደያዘ ሳይለካ የሚጨመር ፍሬ ወይ ያንሳል ወይ ይበዛል። ካነሰ ቀንድ አውጣው ዛጎሉን ዘግቶ ያሳልፈዋል።

ሁለተኛ፣ ዓሣ ይሞታል። ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ በጣና ዙሪያ ብርብራ ወቅጠው ዓሣ የሚይዙ እንዳሉ ሁሉም ያውቃል። የሞተ ዓሣና የሞተ ቀንድ አውጣ በቆመ ውሃ ውስጥ ሲበሰብስ ውሃው ይሸታል፤ ከዚያው ደግሞ ሰውም ከብትም ይጠጣል።

ሦስተኛ፣ እንዶድ የቀንድ አውጣውን እንቁላል አይገድልም። በሣሩ ላይ የተጣበቀው እንቁላል በሳምንት በሁለት ሳምንት ይፈለፈላል። ቡሊነስ ደግሞ ሀፊሩ ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ወራት ይቆይና በመጀመሪያው ዝናብ ይነሣል። አንድ ጊዜ ረጭቶ መሄድ ዋጋ የለውም፤ በአድዋም ለዓመታት ተደጋግሞ ነው የተሠራው።

አራተኛው ግን ከሁሉም የሚከብድ ነው። ሀፊሩ የእኛ አይደለም። የአካባቢው ገበሬና ከብት አርቢ የሚጠቀምበት ነው። በበጋ አንድ ሀፊር ለአንድ መንደር ሕይወት ነው። በማግስቱ አንዲት ላም ብትሞት፣ በሌላ በሽታም ይሁን፣ «ስደተኞቹ ውሃውን መረዙት» ይባላል። ከሚያዝያ 2023 ጦርነት ወዲህ ገዳሪፍ ከካርቱምና ከጀዚራ የሸሹ ሱዳናውያንንም ስለተቀበለች የውሃ ነገር በጣም ጠቦ ነው ያለው። በአንድ ቆሪ ፍሬ የጉርብትና ጠብ መጫር የለብንም። ቀንድ አውጣ መግደል ካስፈለገ በአካባቢው ጤና ቢሮና በውሃ ክፍሉ ፈቃድ፣ በሰለጠነ ሰው፣ ባለቤቶቹ አውቀውት ይሠራል።

ለጓሮ አትክልት

የመሬት ቀንድ አውጣን ለማጥፋት እንዶድ ብዙ አይረዳም፤ ጉልበቱ ያለው በውሃ ውስጥ ነው። በእስያ የሩዝ ማሳ ወርቃማ የሚባለውን ትልቅ የውሃ ቀንድ አውጣ በሻይ ዘር ተረፈ ምርት ይገድሉታል፤ ማሳው በውሃ የተሞላ ስለሆነ ነው። ያም ቢሆን ዓሣውን ይፈጃል። ይኸው ቀንድ አውጣ በ2020 በኬንያ ምዌያ የሩዝ ማሳ ተገኝቷል።

በእኛ ጓሮ የሚሠራው ቀላሉ ነው። ማታ እርጥብ ጆንያ ወይም ጣውላ በመደቡ መካከል አንጥፉ፤ ቀንድ አውጣው ሥሩ ይሰበሰባል። ጠዋት አንሥታችሁ ልቀሙትና ጨው ባለው ውሃ ውስጥ ክተቱት። ባዶ እጅ አትንኩት፤ ፌስታል አድርጉ፣ በኋላም ታጠቡ። ዶሮ ያለው ዶሮውን ይልቀቅበት። ዐመድ ዙሪያውን መነስነስ ይከለክለዋል፤ ዝናብ እስኪመታው ድረስ ብቻ። ውሃ ማጠጣትን ከማታ ወደ ጠዋት ማዞርም ይጠቅማል። የኒም ቅጠል ለቅጠል በል ነፍሳት እንጂ ለቀንድ አውጣ እምነት አይጣልበትም። የትምባሆ ውሃ የሚረጩ አሉ፤ ትምባሆው በቆዳ ገብቶ ረጪውንም ይመርዛል፤ ይቅር። ከሰሊጥና ከማሽላ እርሻ የተረፈ የፀረ ተባይ መድኃኒት ማምጣት፣ በጀሪካኑም ውሃ መያዝ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ጀሪካኑ አሥር ጊዜ ቢታጠብ መርዙ ፕላስቲኩ ውስጥ አለ።

ሰላጣውን በጥንቃቄ በንጹሕ ውሃ ማጠብ አትርሱ።

ምን እናድርግ

ከቦኖ ወይም ከታንከር የሚመጣ በክሎሪን የታከመ ውሃ ካለ ለመታጠብም እርሱን ተጠቀሙ። ከሀፊር ወይም ከወንዝ መቅዳት ግድ ከሆነ ማለዳ ቅዱ፤ ቦቲ ጫማ ያለው ያድርግ። የተቀዳውን ውሃ ቀንድ አውጣ እንዳይገባበት በጨርቅ አጥልላችሁ 2 ሙሉ ቀንና ሌሊት ብታስቀምጡት የቢልሃርዝያ እጩ ይሞታል፤ ለልብስና ለገላ ይሆናል። ለመጠጥ ግን መቆየቱ ብቻ አይበቃም፤ ኮሌራም አለና ክሎሪን ይጨመርበት ወይም ይፈላ። ልብስ በባልዲ ቀድታችሁ ከዳር ራቅ ብላችሁ እጠቡ። ልጆች ሀፊርና ጡብ የተቆረጠበት ጉድጓድ ውስጥ እንዳይዋኙ፣ በተለይ በቀትር፣ ተራ ገብታችሁ ጠብቁ።

መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው። መጠኑ በክብደት ወይም በቁመት ይለካል፤ ጎረቤት የሰጠችውን ግማሽ ክኒን መዋጥ ትሉን አይገድልም። ምግብ ከተበላ በኋላ ይወሰዳል። ሆድ ቁርጠትና ራስ ማዞር ቢመጣ አትደንግጡ፤ በአንድ ቀን ያልፋል። እርጉዝ ከመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በኋላ፣ የምታጠባም እናት መውሰድ ትችላለች። ክኒኑ ገና ያላደገውን ትል ስለማይገድል ሐኪሙ ከሳምንታት በኋላ ሊደግመው ይችላል። ድጋሚ ከውሃው ከገቡ ደግሞ ድጋሚ ይይዛል።

በጎ ፈቃደኞች፦ ደም የሚሸና ልጅ ስታገኙ የሽንቱን ናሙና ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዲሰጥ ወደ ክሊኒክ አምጡት። ልጁ መጀመሪያ ትንሽ ሮጥ ሮጥ ቢል እንቁላሉ በላቦራቶሪ በተሻለ ይገኛል። የሽንቱን መጨረሻ ጠብታዎች እንዳያፈስ ንገሩት፤ እንቁላሉ የሚበዛው እነርሱ ውስጥ ነው። የአንጀቱ ዓይነት ከተጠረጠረ የሰገራ ናሙና ያስፈልጋል። በብሎካችሁ አቅራቢያ ቀንድ አውጣ ያለበትን ውሃ ስታዩ ደግሞ በእጃችሁ ሳትለቅሙ ቦታውን፣ ማን እንደሚጠቀምበትና ሽንት ቤት ምን ያህል እንደሚርቅ ጽፋችሁ ለብሎክ ኃላፊያችሁ ስጡ።